ማፍረስ ተከለከለ፤ ጣሪያውን ማን ይጠግን?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ሰው ጥያቄ አጭር ነው። መንግሥት አንድን አሮጌ ሕንፃ ታሪካዊ ነው ብሎ መዝግቦ ባለቤቱን እንዳያፈርስ ከከለከለው፣ የጥገናውን ወጪ መሸፈን ያለበት ማን ነው? አቋሙንም አልደበቀም። በእሱ ዓይን ምዝገባ ለባለቤቱ ቅጣት ነው። አላፊ አግዳሚው ሕንፃውን አይቶ ይደሰታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ሂሳቡ ሲመጣ ግን የሚንኳኳው የአንድ ሰው በር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ልመና ጨምሯል። የየከተማችሁን ጠብ ይዛችሁ አትምጡ፣ የትም አገር ይሁን፣ የሠራና ያልሠራ ፖሊሲ አምጡ ብሏል። የሚገርመው፣ ሰዉ ልመናውን አከበረለት።

መልሶቹ ከሠላሳ በላይ ናቸው። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የሆኑትን ዘልያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ክሩ ላይም እንደዚያው ነበር።

1ኛው መልስ በትህትና ነው የጀመረው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ይላል። ሕንፃው ከሌለ ስለ ጥገና ገንዘብ መከራከር ምን ዋጋ አለው? ምሳሌው የኒውዮርኩ ፔንስልቬንያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በ1910 ተከፈተ፣ በ1963 ማፍረስ ተጀመረ። ያኔ ከተማዋ ውስጥ ማፍረሱን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ቁጣው ሳይበርድ በ1965 የከተማዋ የታሪካዊ ሕንፃዎች ሕግ ወጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ክልከላ፣ ከዚያ ገንዘብ።

2ኛዋ ከ1ኛው ጋር ተስማምታ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደችው። የከፋቹ ጥያቄ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር ትላለች። ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ተመዝግቦ ሳለ ባለቤቱ የባቡር ኩባንያ በላዩ ላይ ከሃምሳ ፎቅ በላይ ሊከምርበት ፈለገ። ከተማው ከለከለ። ኩባንያው ንብረቴን ያለ ካሳ እንደመውረስ ነው ብሎ ከሰሰ። በ1978 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለከተማው ፈረደ። ምክንያቱን ስታብራራ፣ ባለቤቱ ጣቢያውን እንደ በፊቱ እየተጠቀመ ተመጣጣኝ ገቢ ማግኘት ይችላል፤ ያልገነባውን የከፍታ መብት ደግሞ በአቅራቢያው ወዳሉ ቦታዎች ማዛወር ይፈቀድለታል።

እዚህ ላይ 3ኛው አየር እንዴት ይሸጣል ብሎ ሳቀ። 4ኛው ሳይስቅ አስረዳው። የከተማው ፕላን በአንድ ቦታ ላይ ሃያ ፎቅ ይፈቅዳል እንበል። አሮጌው ሕንፃ ሦስት ፎቅ ነው። አሥራ ሰባቱ ፎቅ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ባለቤቱ ያንን ለጎረቤት ይሸጣል፣ ጎረቤቱ ከተፈቀደለት በላይ ይወጣል፣ የተገኘው ብር ወደ አሮጌው ሕንፃ ጣሪያ ይሄዳል። ከመንግሥት ካዝና ምንም አልወጣም። 5ኛው ይሄ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው አለ። መሬት በማይፈለግበት፣ ረጅም ፎቅ ገዢ በሌለበት ከተማ የማይገነባ ፎቅ ማን ይገዛል? መዝገቡን በደንብ የማይዝ ማዘጋጃ ቤት ካለ ደግሞ አንዱ መብት ሁለቴ ይሸጣል። እኔ እዚህ ላይ ከ5ኛው ጋር ነኝ። መሣሪያው ብልህ ነው፣ ግን የሚሠራው መሬት እሳት በሆነበት ብቻ ነው።

ከዚያ 6ኛው መጡ። በጡረታ የተገለሉ የሕንፃ ባለሙያ ናቸው፤ ብዙ ዘመን በአንድ ማዘጋጃ ቤት የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል እንደሠሩ ጽፈዋል። ሌላው ሰው ሁሉ ስለ ሕግና ብር ሲያወራ እሳቸው ስለ አሸንዳ ነው የጻፉት። የክሩ ልብ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ረዘም አድርጌ ልተርከው።

አንድ ሦስት ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ ነው፣ በኖራ የተገነባ። የጣሪያው አሸንዳ በቅጠልና በእርግብ ጎጆ ይደፈናል። ዝናቡ መውረጃውን ትቶ በግድግዳው ይወርዳል። ከውጭ የሚታየው አረንጓዴ መስመር ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ውስጥ ግን የወለሉን ሸክም የያዙት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው የተቀበረው እዚያው ግድግዳ ውስጥ ነው። ጫፉ ይረጥባል፣ ይበሰብሳል። መሃሉ ደረቅና ጤነኛ ስለሆነ ከታች ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ምንም አያውቅም። እሳቸው ባለሙያ ሲልኩ የሚያዙት ከግድግዳው አጠገብ በመሮ ወጋ ወጋ አድርጎ እንዲሞክር ነበር። ብረቱ ያለ ድካም ከገባ ነገሩ አልቋል።

ቀጥሎ ያለው የባሰ ነው ይላሉ። ባለቤቱ ግድግዳው ሲሻግት ደንግጦ ግንበኛ ይጠራል። ግንበኛው በሲሚንቶ ይለስነዋል። ለአንድ ዓመት ያምራል። የኖራ ግድግዳ ግን እርጥበቱን በላዩ ላይ እያስተነፈሰ የሚኖር ነው። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ወደ ላይ ይሳባል፣ ልስኑ ይነፋል፣ ሲላቀቅም የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ መሐንዲስ መጥቶ ሕንፃው ለሕይወት አስጊ ነው ብሎ ይፈርማል። ያቺ ፊርማ ከምዝገባው ትበልጣለች። በእሳቸው ቋንቋ፣ ማፍረስን ከልክሎ አሸንዳ መጥረግን የማያዝ ሕግ የማፍረሻውን ቀን ነው የሚያራዝመው።

አንዳንድ ባለቤት ይህን አውቆ እንደሚያደርገውም ጠቅሰዋል። አንድ ሁለት ቆርቆሮ ከጣሪያ ላይ ይነሳል። ማን እንዳነሳው አይታወቅም። ሦስት ክረምት ይበቃል።

7ኛው ወጣት ኮንትራክተር ነው። በአንቱታ ነው የጻፈው፣ ግን ቅር ብሎታል። ሲሚንቶን እንደ ሰይጣን አይሳሉት፣ መሠረት የከዳውን ሕንፃ በምን ልናቆመው ነው አለ። 8ኛው ላይ እሳቸው ተመልሰው ሲሚንቶ መጥፎ ነው እንዳላሉ አረሙት። ያሉት ለስላሳ ድንጋይና የኖራ ግድግዳ ላይ ከውጭ አይለጠፍ ነው። ወጣቱ ላይክ ሰጣቸው። 9ኛዋ ደግሞ ኖራ አጥፍቶ፣ አሳርፎ፣ አሸዋውን መርጦ የሚለስን ግንበኛ ዛሬ ከየት ይመጣል ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። ራሱን የቻለ ክር የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ ተገኝቶ እጁ ከሌለ ብሩ የሚሄደው ወደ ሲሚንቶ ነው።

10ኛው ወደ ገንዘቡ መለሰን። የአሜሪካን የግብር ቅናሽ ነው ያመጣው። ታሪካዊ ሕንፃ በደንቡ መሠረት ያደሰ ሰው ከእድሳት ወጪው 20 በመቶውን ከፌዴራል ግብሩ ላይ ይቀነስለታል። የግብር ማበረታቻው መነሻ በ1976 ነው፤ የ20 በመቶው መጠን የጸናው በ1986 ነው። መንግሥት አስቀድሞ ብር አይሰጥም። ሥራው ተሠርቶ፣ ታይቶ፣ ደረጃውን አሟልቷል ሲባል ነው ቅናሹ የሚገኘው። 10ኛው ይህን እያደነቀ ማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤቱን ሊያድስበት ይችላል ብሎ ጨመረበት። 11ኛዋ ወዲያው አረመችው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት አይካተትም፤ ሕንፃው ገቢ የሚያስገኝ፣ የሚከራይ ወይም የሚነገድበት መሆን አለበት። ወጪውም ትንሽ ከሆነ አይታይም። ከ2017ቱ የግብር ሕግ ወዲህ ደግሞ ቅናሹ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በአክብሮት ነበር። 12ኛው ላይ አንቱታው ቀረ። ጸሐፊው 10ኛውን አንተ እያለ ነው የገባበት። የግብር ቅናሽ የሚጠቅመው ብዙ ግብር ለሚከፍል ነው፤ አባቷ ባወረሷት ቤት አንድ ክፍል አከራይታ የምትኖር አሮጊት ከየትኛው ግብሯ ላይ ነው የሚቀነስላት? ይሄ የቅርስ ፖሊሲ ሳይሆን የኩባንያ ድጎማ ነው ብሎ ደመደመ። 10ኛው በ13ኛው መልስ ተመልሶ መጣ፣ እሱም አንተ ብሎ። ኩባንያ ካልነካው ማን ሊነካው ነው፣ መንግሥት ነው ወይ ባለ ስምንት ፎቅ ባዶ መጋዘን የሚያድሰው አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። መጋዘኑን የሚያድነው መሣሪያ የአሮጊቷን ቤት አያድንም። ሁለት ዓይነት ሕንፃ ነው፣ ሁለት ዓይነት ፖሊሲ ይፈልጋል። ክሩ ላይ ይህን በግልጽ ያለ ሰው ባለመኖሩ ተናድጄ ነበር።

14ኛው አጭር ነው፣ ግን ከምወዳቸው አንዱ ሆኗል። ብሪታንያ ውስጥ አዲስ መኖሪያ ቤት ሲገነባ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ዜሮ ነው፤ አሮጌውን ሲጠግኑ ግን 20 በመቶ ይከፈላል። የተመዘገቡ ሕንፃዎች የተፈቀደ ለውጥ ሲደረግባቸው ከታክስ ነፃ ይሆኑ ነበር፤ እሱም በ2012 ተነሳ። አንዱ መሥሪያ ቤት አታፍርስ ይላል፣ ሌላው መሥሪያ ቤት የሚጠግነውን ይቀጣል። ስለ ድጎማ ከማውራት በፊት ታክሱ ወዴት እየገፋ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል ብሎ ወጣ። ሁለተኛ አልተመለሰም።

15ኛዋ ሌላ በር ከፈተች። እስካሁን ስለ ግድግዳ ነው ያወራችሁት፣ ስለ ሰውስ አለች። የፈረንሳይን ሕግ አነሳች። የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ስም የሚጠራበት የ1962ቱ ሕግ አንድን ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰፈር እንዲጠበቅ ፈቀደ። ፓሪስ ውስጥ ማሬ የሚባለው ሰፈር፣ 126 ሄክታር ያህል፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ግንቡ ዳነ። ግን በድሮዎቹ ትልልቅ ቤቶች ግቢ ውስጥ የተቀጠሉት ትንንሽ ወርክሾፖች እንደ ቆሻሻ ተቆጥረው እንዲጠረጉ ነበር የታቀደው። አናጺው፣ ቆዳ ሠሪው፣ ጌጣጌጥ ሠሪው ቀስ በቀስ ወጣ። ሰፈሩ አማረ፣ ተወደደ፣ ነዋሪው ቀነሰ። እሷ እንደምትለው ከዚያ ሰፈር የጠፋው ነገር ፎቶ ላይ አይታይም።

16ኛው ለዚህ መልስ አለኝ ብሎ ቦሎኛን አመጣ። ይህም ረዘም ያለ ነው፣ ይገባዋልም። በ1969 የጣሊያኗ ቦሎኛ ለመሃል ከተማዋ የጥበቃ ፕላን አጸደቀች። በ1973 ደግሞ ለየት ያለ ነገር አደረገች። በከተማ ዳርቻ አዲስ ብሎክ ለመሥራት የሚውለውን የማኅበራዊ ቤት ገንዘብ ወደ መሃል ከተማው አሮጌ ቤቶች አዞረችው። ከሥራው ጀርባ ከነበሩት ሰዎች ስሙ የሚነሳው አርክቴክቱና የከተማው ሹም ፒየር ሉዊጂ ቼርቬላቲ ነው። ነዋሪው ቤቱ ሲጠገን ለጊዜው አጠገቡ ያለ ቤት ይሰጠዋል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። መጀመሪያ ቤቶቹን በካሳ ለመውሰድ ታስቦ ነበር፤ ትንንሽ ባለንብረቶች ጮኹ። ከዚያ ወደ ውል ተዞረ። ከተማው ለጥገናው ያግዛል፣ ባለቤቱ ኪራዩን በተስማሙበት ልክ ይይዛል፣ ተከራዩን አያስወጣም። 16ኛው እዚህ ጋ ለከፋቹ በቀጥታ መለሰለት። ጥያቄህ ማን ይክፈል ከሆነ፣ ቦሎኛ ሁለቱም ይክፈሉ አለች፣ ግን መንግሥት የሚከፍለው በምላሹ አንድ ነገር ተቀብሎ ነው።

17ኛው ማን ነው የዋህ ብሎ ገባ። ዛሬ ቦሎኛ ሄዳችሁ መሃል ከተማ ቤት ተከራዩ እስቲ አለ። ተማሪና ቱሪስት አጥለቅልቋታል፣ ኪራዩ ሰማይ ነክቷል። 16ኛው መልስ አልሰጠም፤ የሰጠለት ሌላ ሰው ነው። 18ኛው፣ ውል ዘመን አለው፣ ዘመኑ ሲያልቅ ማን ያድሰዋል የሚለው ነው ጥያቄው እንጂ ሐሳቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም አለ። ልክ ነው። የጥገና ገንዘብ አንዴ ይሰጣል፣ ኪራይ ግን በየወሩ ነው የሚመጣው።

ኪራይ ከተነሳ ዘንዳ 19ኛው የሕንዷን ሙምባይ አነሳ። የ1947ቱ የኪራይ ሕግ ኪራዩን 1940 አካባቢ በነበረበት አቁሞ ያዘው። ተከራዩ አልተፈናቀለም፣ ያ እውነት ነው። ባለቤቱ ግን የሚያገኘው ለቀለም አይበቃም። ስለዚህ እጁን አጥፎ ተቀመጠ። በ1969 በወጣ ሕግ መንግሥት የጥገና ቦርድ አቋቋመ፣ ከእነዚህ ሕንፃዎች ልዩ መዋጮ እየሰበሰበ ሊጠግን። ሕንፃዎቹ ብዙ ሺህ ናቸው፣ ገንዘቡ ትንሽ። ዝናቡ በገባ ቁጥር አንዱ ይደረመሳል፣ ሰው ይሞታል። 20ኛዋ የተገላቢጦሹን ታሪክ ጨመረች። ማሌዢያ ውስጥ ጆርጅታውን በኪራይ ቁጥጥሩ ምክንያት ድሮውን እንዳለ ቆይታ ነበር። ቁጥጥሩን የሚያነሳው ሕግ በ1997 ወጣ፣ 2000 ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ባለ ሱቁና ሽማግሌው ወጡ። ከተማዋ በ2008 የዓለም ቅርስ ሆነች። ስትመዘገብ ሰው የሌለባቸው ብዙ ቤቶች ነበሯት። እናንተ ማቆምም መልቀቅም ይገድላል ነው የምትሉት ወይ ብሎ 21ኛው አማረረ። ቀስ እያሉ መልቀቅ የሚባል ነገር አለ እኮ፣ ጥገና ላደረገ ባለቤት ብቻ ኪራዩን በደረጃ መፍቀድ አለ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከረም፤ መከራከር ነበረበት።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት መልሶች መንገድ ጠፋው። ነገሩ እንዲህ ነው። 20ኛዋ በጆርጅታውን ባዶ ቤቶች ውስጥ ወፍ ይረባ እንደነበር በቅንፍ ጠቅሳ ነበር። ጎጆዋ የሚበላ፣ በብዙ ገንዘብም የሚሸጥ የወፍ ዓይነት ናት። ሰዎች መስኮቱን ደፍነው፣ የወፍ ድምፅ በስፒከር እየለቀቁ፣ ውስጡን እርጥብ አድርገው ወፏን ይጠራሉ። ግድግዳው በኩስና በእርጥበት ያልቃል። በኋላ ከቅርሱ ክልል እንዲወጡ ተደረገ። 22ኛው ጎጆ ማን ይበላል ብሎ ጠየቀ፣ 23ኛው አብራራ፣ 24ኛው ስለ ስፒከሩ ዋት ጠየቀ። አድሚኑ ገብቶ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ። እኔ ግን ከጉዳዩ ወጡ አልልም። ባዶ የተመዘገበ ሕንፃ የሚከራየው ለወፍ ከሆነ ፖሊሲው ምን ያህል እንደሠራ ይናገራል።

25ኛው ዛንዚባርን አመጣ፣ በንዴትም ነው። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ ሰፈር ውስጥ ብዙ ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ፣ በአነስተኛ ኪራይም ለብዙ ሰው ተሰጡ። መጠገን ያለበት መንግሥት ነበር። በ1985 የጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ በ2000 ሰፈሩ የዓለም ቅርስ ሆነ። ከሰፈሩ ሕንፃዎች ሁሉ ዝነኛው በ1883 የተሠራው ቤት አልአጃኢብ ነው። በ2020 ዲሴምበር 25፣ የእድሳት ሥራ እየተካሄደበት ሳለ፣ ከፊሉ ተደረመሰ። ሰው ሞተበት። ስለዚህ መንግሥት ይክፈል፣ መንግሥት ይያዘው የምትሉ ሁሉ ይሄን እዩ አለ። 26ኛው በጣም ተቆጣ። በሰው ሞት አትነግድ፣ ድሃ ቤት ያገኘበትን ዘመን ለማጣጣል ነው አመጣጥህ አለው። ሁለት ሦስት መልስ እንካ ስላንትያ ሆነ፤ አድሚኑ የተወሰነውን አጠፋው።

አቧራው ከረገበ በኋላ 6ኛው ጡረተኛ በ28ኛው መልስ ተመለሱ። ማንንም አልነቀፉም። ባለቤትነቱ የመንግሥት ይሁን የግል፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር እንደሆነ ጻፉ። ለዚህ ሕንፃ በየዓመቱ የተያዘ የጥገና በጀት መስመር አለ ወይስ የለም? የእድሳት ፕሮጀክት ሪባን ይቆረጥለታል፣ ሹም ይመጣለታል። አሸንዳ ለመጥረግ ሪባን የለም። ቀጥለው የአምስተርዳሙን ስታድስኸርስቴል ጠቀሱ። በ1956 የተቋቋመ ኩባንያ ነው። አሮጌ ቤቶችን ይገዛል፣ ያድሳል፣ አይሸጥም፣ ያከራያል። ለባለድርሻ የሚከፈለው ትርፍ ላይ ጣሪያ ተደርጎበት ነበር፣ 5 በመቶ። ኪራዩ ተመልሶ ወደ ጥገና ይገባል። ኩባንያው የመንገድ ማዕዘን ላይ ያለውን ቤት ቀድሞ መግዛትን ይመርጥ እንደነበርም ነገሩን። ማዕዘኑ ከዳነ በሁለት በኩል ያለው ጎረቤት ተስፋ ያደርጋል፣ የራሱን ማደስ ይጀምራል። ማዕዘኑ ከወደቀ ግን የቤቶቹ ሰልፍ ሁሉ ይከተላል። ይህን ሳነብ ለፖሊሲ አውጪ የሚሰጥ ምክር ከተፈለገ ይሄ ነው አልኩ፤ ሁሉንም ማዳን ካልቻልክ የትኛውን አስቀድመህ ትይዛለህ የሚለውን ይመልሳል።

29ኛው ገንዘብ ብቻ አይደለም ብሎ ሕግ የማንሳትን ጥቅም አመጣ። ሎስ አንጀለስ መሃል ከተማዋ ውስጥ ባዶ የቀሩ አሮጌ የቢሮ ሕንፃዎች ነበሯት። ወደ መኖሪያ ልቀይር የሚል ሰው ለአዲስ ሕንፃ የወጣውን ደንብ አሟላ ይባላል፤ ከምድር ቤቱ ሥር ፓርኪንግ ቆፍር ማለት ነው። በ1999 በወጣው ደንብ አዲስ ፓርኪንግ ጨምር ማለት ቀረ፣ ፈቃዱም ቀለለ። ሰው ገባበት። ኒውጀርሲ ደግሞ በ1998 ለእድሳት ብቻ የተለየ የሕንፃ ደንብ አወጣች። ከዚያ በፊት ወጪህ ከሕንፃው ዋጋ ግማሹን ካለፈ ሙሉ ሕንፃውን በአዲሱ ደንብ አምጣ ይባል ነበር። ሰዉ ያንን ፈርቶ ትንሽ ትንሽ ይነካካል ወይ ጭራሽ ይተወዋል። 30ኛው እሳት ሲነሳስ፣ ደረጃው ጠባብ ነው ብሎ ፈራ። 29ኛው የእሳት መከላከያው አልተነሳም፣ ለአሮጌ ደረጃ ሌላ መፍትሔ፣ ለምሳሌ የውሃ መርጫና ማስጠንቀቂያ፣ እንዲታይ ነው የተፈቀደው አለ። 30ኛው በግማሽ ልቡ ነው የተቀበለው።

መጨረሻ አካባቢ አንዲት ሴት፣ 31ኛዋ፣ ስታነብ ቆይታ እንደጻፈች ገልጻ የራሷን ነገር አመጣች። ከተማውን አልጠቀሰችም። አያቷ የተዉት ሕንፃ ተመዝግቧል። ወራሾቹ ብዙ ናቸው፣ ገሚሶቹ ውጭ አገር፣ ሁለቱ አይነጋገሩም። ጣሪያው ያፈሳል። ለመጠገን የሁሉም ፊርማ ይጠየቃል። ብር እንኳ ቢገኝ የሚቀበል እጅ የለም አለች። የግብር ቅናሽም፣ የአየር ሽያጭም፣ ድጎማም እሷ ጋ አይደርስም።

32ኛው የእንግሊዝን የ1990 ሕግ አስረዳት። የአካባቢው ምክር ቤት ለባለቤቱ የጥገና ማስታወቂያ ይሰጣል፤ ሁለት ወር ካለፈና ምንም ካልተሠራ ሕንፃውን በግዴታ ወደ መግዛት መሄድ ይችላል። ባለቤቱ ሊያፈርስ አስቦ አውቆ ጥሎት እንደሆነ ከተረጋገጠ ካሳው በዝቅተኛው ይታሰባል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚህ ግን ባለቤቱ ራሱ አጥሩን ሲነቀንቅ የተያዘበት ነው አለ። 33ኛው ይሄ ዝርፊያ ነው ብሎ ጮኸ። በሁለት ወር ውስጥ ወራሾች ስልክ ቁጥር እንኳ አይለዋወጡም፤ ደህና መሬት ያላቸውን ድሆች በወረቀት ለመንጠቅ የተመቸ ነው። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም።

34ኛዋ፣ 11ኛዋ ላይ የግብሩን ያረመችው ራሷ፣ በዚያው ሕግ ውስጥ ሌላ አንቀጽ አለ አለች። አስቸኳይ ሥራ የሚባል ነው። ምክር ቤቱ ለባለቤቱ ሰባት ቀን አስቀድሞ ያሳውቅና ገብቶ ይደግፋል፣ ይሸፍናል፣ ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል። ሕንፃውን አይወስድም። ወጪውን ከባለቤቱ ይጠይቃል። ለ31ኛዋ ዓይነት ቤት የሚያስፈልገው ይሄ ነው ብላ የራሷን ሐሳብ አከለችበት። ወራሾቹ መክፈል ካልቻሉ ዕዳው በይዞታው መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከፋፈል ይሰብሰብ። ለዚያ የማንም ፊርማ አያስፈልግም።

33ኛው ትንሽ ለዘብ ብሎ ዕዳው ወለድ ይኖረዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። 34ኛዋ ከዋጋ ንረቱ እንዳይበልጥ አለች። 31ኛዋ ደግሞ ወለዱ ይቆየኝና ሰባቱ ቀን የሚቆጠረው ማስታወቂያው ለስንተኛው ወራሽ ሲደርስ ነው ብላ ጻፈች። 32ኛው በሕንፃው በር ላይ መለጠፍ ይበቃል የሚል አንቀጽ በየአገሩ ሕግ ውስጥ መጻፍ አለበት አለ፤ 33ኛው በዚህ እንደገና ተነሳበት፣ አሁንም እዚያው ላይ ናቸው።